ፍሪጅ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት

አበሻ ውጭ አገር ፈረንጅ ቤት ተቀምጦ የተማረ ልጅ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትምህርቱ አይደለም። «ምግብ ይሰጡሃል?» ነው። ልጁም ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል። ፍሪጁ ላይ ስለተለጠፈችው ወረቀት ይተርካል፦ ሻወር ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፣ ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ እራት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ለእራት የማይደርስ አስቀድሞ ይናገር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ የለም፣ የጨረሰ ሰው የበላበትን ሳህን ያጥባል። ሳሎኑ በሳቅ ይፈርሳል። «ወይ ፈረንጅ! ውኃ እንኳን በደቂቃ?» ይባላል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ይደመድማል፦ «የኛ ሰው ግን ይባረክ፤ ያለውን አካፍሎ፣ ሳይቆጥር ነው የሚያኖረው።»

ይህ ሳቅ ውድ ሳቅ ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ የሚስቁት ሰዎች አይደሉም። የሚከፍሉት በዚያ ሳሎን ውስጥ ቡና እያቀረበች ያለችው፣ «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር የመጣችው የዘመድ ልጅ ናት። ነገ ደግሞ «ፈረንጅ ቤት ከምትገባ አጎትህ ዘንድ ሂድ» ተብሎ ሜሪላንድ ወይም ቶሮንቶ የሚላከው ልጅ ነው። አባትየው ልጁን ለማያውቀው ፈረንጅ አልሰጥም ሲል ጥንቃቄ ያደረገ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ያደረገው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ልጁን ወረቀት ካለበት ቤት አውጥቶ ወረቀት የሌለበት ቤት አስገብቶታል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ሁለቱን ዓይነት «አስተናጋጅ ቤተሰብ» መለየት ያስፈልጋል፤ «የውጭ ትምህርት አማካሪ» ብሎ ቢሮ የከፈተ ደላላ ሁሉ ሆን ብሎ ያደባልቃቸዋልና። አንደኛው በአሜሪካ ጄ-1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ የሚሄድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያርፍበት ቤት ነው። ተማሪው ፕሮግራሙን ሲጀምር ዕድሜው ከ15 ያላነሰ፣ ከ18 ዓመት ከ6 ወር ያልበለጠ መሆን አለበት፤ የሚቆየውም ቢበዛ አንድ የትምህርት ዓመት ነው። ይህ ቤተሰብ አይከፈለውም። በፈቃዱ ነው የሚቀበለው። መንግሥት የሚያደርግለት ነገር ቢኖር ለተማሪው ካወጣው ወጪ ላይ በወር እስከ 50 ዶላር ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እንዲቀንስ መፍቀድ ነው። 50 ዶላር የአንድ ጎረምሳ የሳምንት ቀለብ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ሁለተኛው ዓይነት በክፍያ የሚማር ተማሪ የሚገባበት ነው፤ በአሜሪካ የግል ትምህርት ቤቶች፣ በካናዳ፣ በብሪታንያና በአውስትራሊያ ሆምስቴይ የሚባለው። እዚህ ቤተሰቡ በየወሩ ይከፈለዋል። በግልጽ አማርኛ፣ ቀለብ ያለበት ኪራይ ነው።

ደላላው ፊት ግን ሁለቱም «ቤተሰብ» ናቸው። «ልጅዎ እንደ ልጃቸው ነው የሚኖረው» ይላል። እናት ትባርካለች። ልጁ ሻንጣው ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ለአስተናጋጇ የሚሆን ነጠላ ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያው ድንጋጤ የሚመጣውም ከዚችው «ቤተሰብ» ከምትባል ቃል ነው፤ ከፈረንጁ ክፋት አይደለም።

የእራቱን ጉዳይ ብቻ እንይ። አበሻ ልጅ ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ጨዋነት ብሎ የተማረው ይህንን ነው። ጋባዡ ደግሞ «በሞቴ!» ይላል፣ «አፈር ስሆን!» ይላል፣ ካልሆነ ጠቅልሎ አፍ ላይ ይደቅናል። የመጀመሪያው «አይ» የጨዋታው መክፈቻ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ኦሃዮ ውስጥ ግን «አይ» ማለት አይ ማለት ነው። ሴትየዋ የልጁን ፈቃድ ማክበሯ መስሏት ሳህኑን አንስታ ፍሪጅ ውስጥ ትከታለች። ልጁ ወደ መኝታው ይወጣል፤ ሆዱ ይጮሃል፤ አገር ቤት ደውሎ «አይ እማዬ፣ በልቻለሁ» ይላል። የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ስላለ እዚያ ሊነጋጋ ነው፤ እናትየው ድምፁን ሰምታ ታለቅሳለች። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ «ልጁን አስራቡት» ይላል። ማን አስራበው? ቤቱ ሞልቷል። ያስራበው ማንም ያልነገረው ደንብ ነው። ወረቀቷ ላይ «ከፍሪጁ የፈለግከውን ውሰድ፤ ያለቀውን ዝርዝሩ ላይ ጻፍ» የሚል መስመር ቢኖርና አንድ ሰው ቢያነብለት ኖሮ በሁለተኛው ቀን ጠግቦ ያድር ነበር።

ሻወሩም እንዲሁ ነው። በብዙ የአሜሪካ ቤት ሙቅ ውኃ የሚመጣው 150 ወይም 190 ሊትር ገደማ ከሚይዝ ማሞቂያ በርሜል ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ውስጥ አንዱ ግማሽ ሰዓት ከታጠበ የመጨረሻው ሰው በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። 10 ደቂቃዋ ሒሳብ ናት። አባወራውም፣ የራሱ ልጆችም ያቺው 10 ደቂቃ ትገዛቸዋለች። በሰፊው የሚሳቅበት ደንብ ይህ ሆኖ ሳለ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ውስጥ ባልዲ እየቆጠረ ያደገ ሰው ሲስቅበት ማየት ለብቻው ይገርማል።

ሌላም አለ፤ ሶፋ ላይ የሚተኛ ውሻ አለ፣ በር ሳይንኳኳ የማይገባበት ክፍል አለ፣ ለእያንዳንዷ ብርጭቆ ውኃ «አመሰግናለሁ» ማለት አለ። የ50 ዓመት ሴትዮ «በስሜ ጥራኝ» ስትል አፍ አልፈታ የሚል ልጅ አለ፤ እትዬ የለ፣ ጋሼ የለ። ወራት ሙሉ ያለ ስም «ይቅርታ» እያለ ሲጠራት የሚከርም አለ። ጾም አለ። የሁዳዴን 55 ቀን ለማያውቅ ቤተሰብ ማስረዳት አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ «ቬጋን» የምትል አንዲት ቃል ሥራውን ትጨርሳለች፤ ምንም እንኳ ቄሱ በትርጉሙ ባይስማሙ። ሙስሊሙ ተማሪ ደግሞ የአሳማውን ነገር በመጀመሪያው ቀን ተናግሮ የሱሁሩን ሰዓት ከቤቱ ጸጥታ ጋር ማስማማት አለበት። እነዚህ ሁሉ ይከብዳሉ። ግን በንግግር የሚፈቱ ናቸው፤ ለመነጋገር ደግሞ መነሻ የሚሆን ነገር ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

አሁን ወረቀት ወደሌለበት ቤት እንግባ።

ወረቀት የለም ማለት ሕግ የለም ማለት አይደለም። ሕጉ የተጻፈው በባለቤቶቹ ፊት ላይ ነው ማለት ነው። ልጅቷ አክስቷ ስትቆጣ ምን እንዳጠፋች በግምት ታውቃለች። እንጀራ ስታነሳ ስንተኛው ላይ ማቆም እንዳለባት ከዓይን ታነባለች። አዲስ አበባ ላይ ይህን ቤት የማያውቅ የለም። ልጅቷ ከወሎ ወይም ከጎጃም «ላስተምራት» ተብላ መጣች። ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች፤ ቁርስ ትሠራለች፣ የአክስቷን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ታጥባለች፣ ትጋግራለች፣ ቡና ታፈላለች። ትምህርቱ የማታ ይሆናል። እንግዳ የመጣ ዕለት ደግሞ የማታውም ይቀራል። ደመወዝ? «የዘመድ ልጅ ደመወዝ ይሰጠዋል እንዴ!» ዕረፍት? «ከቤቷ ወዴት ትሄዳለች!» አክስቷ ስትጠየቅ በኩራት የምትመልሰው አንድ መልስ አላት፦ «እንደ ልጄ ነው የማያት።» ቆም ብሎ ላደመጠው ሁሉም ነገር «እንደ» የምትለዋ ውስጥ አለ። ሰው የወለደውን ልጅ «እንደ ልጄ ነው የማየው» ብሎ አያውቅም።

ይህቺ ልጅ ሠራተኛ እንኳ አይደለችም። ሠራተኛ ብትሆንም ብዙ አይረዳትም ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ ግላዊ አገልግሎትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ቢያንስ ግን የቤት ሠራተኛ ያመጣት ደላላ አለ፤ ከከፋት ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፤ ወር ሲሞላ የምትጠይቀው ገንዘብ አለ። የዘመድ ልጅ ይህም የላትም። ያላት ውለታ ነው። ውለታ ደግሞ ተከፍሎ የሚያልቅበት ቀን የለውም።

ይህ ቤት ቪዛ ወስዶ ውቅያኖስ ሲሻገር ምን ይሆናል? ይብስበታል። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ቢያንስ ቋንቋውን ትችላለች፤ አውቶቡስ ተራ ታውቃለች፤ ጎረቤት ያያታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ምድር ቤት ውስጥ የምትተኛው ተማሪ ግን ያለ መኪና የትም አትደርስም። የአጎቷን ልጆች ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ የማታ ፈረቃ የሚሠሩት ባልና ሚስት እስኪመለሱ ታበላለች፣ ታስተኛለች፤ የራሷን የቤት ሥራ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ትከፍታለች። ባልና ሚስቱ ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለት ሥራ የሚሠሩ፣ የሕፃን ማቆያ ክፍያ ያጎበጣቸው፣ ራሳቸው የደከሙ ሰዎች ናቸው። እነሱም በልባቸው «ትምህርት ቤት አስገብተናታል፣ እናበላታለን፣ ብታግዘን ምናለ?» ይላሉ። ስንት ሰዓት እንደምታግዝ ግን ማንም አልተናገረም፤ ማንም አልጻፈም። ብታማርር ለማን ትደውላለች? ለአባቷ ብትደውል «ባለውለታዎቻችን ናቸው፣ አታሳፍሪኝ» ይላታል። አንድ ጊዜ አፍ አውጥታ ብትናገር ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ የሁለቱ ቤት መጠያየቅም ይበላሻል። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ የአንድ ጎሣ ሰላም ጫንቃዋ ላይ ተጭኖባት ዝም ትላለች።

ፈረንጅ ቤት የገባው ልጅ ግን የሚደውልለት ሰው አለው። እዚህ ላይ ነው የክርክሩ እምብርት። በጄ-1 ፕሮግራም ደንብ መሠረት ላኪው ድርጅት በአካባቢው አስተባባሪ ሊኖረው ይገባል፤ አስተባባሪው ከተማሪውም ከቤተሰቡም ጋር በየወሩ መገናኘት አለበት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተማሪዎች በቀጥታ የሚደውሉበት መስመር አለው፤ ቁጥሩም ለተማሪው በሚሰጠው መታወቂያ ካርድ ላይ ይገኛል። ተማሪው የራሱ አልጋ ሊኖረው ይገባል፤ ያውም ተዘርግቶ የሚታጠፍ ወይም በአየር የሚነፋ ያልሆነ። ከቤቱ ፊት ለፊት ጀምሮ የወጥ ቤቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱና የመኝታ ክፍሉ ፎቶ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል። ቤቱ ውስጥ ያሉ አዋቂዎች የወንጀል ሪከርድ ይጣራል። መደበኛ ሥራ መሥራት ክልክል ነው፤ አልፎ አልፎ ሕፃን መጠበቅ ወይም የጎረቤት ሣር ማጨድ ግን ይፈቀዳል። «አልፎ አልፎ» የሚለው ቃል እንኳ ተጽፏል! ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጅ ይህችን አንዲት ቃል ብታገኝ ሕይወቷ ይለወጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ደንብ ከፈረንጅ ደግነት የመነጨ እንዳይመስል። የመጣው ከውርደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በፔንሲልቬኒያ ግዛት ስክራንተን ከተማ የልውውጥ ተማሪዎች በቆሻሻ ቤቶች፣ በቂ ምግብ ሳያገኙ፣ አንዳንዶቹም የወንጀል ሪከርድ ካለው ሰው ጋር እንዲኖሩ ተደርገው ተገኙ። ተማሪዎቹን የመደበችው አስተባባሪ የፌዴራል ክስ ቀረበባት፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም በራሱ ተቆጣጣሪዎች ሳይቀር ተወቀሰ። በቀጣዩ ዓመት ደንቡ ጠበቀ፤ የፎቶው ግዴታም የዚያ ማጥበቂያ አካል ነው። አሁንም ቢሆን ቀዳዳው አልተደፈነም። አስተባባሪዎች በአብዛኛው የሚከፈላቸው ባስገቡት ተማሪ ቁጥር ነው። ቤቱን የሚመርጠውና ቤቱን የሚቆጣጠረው አንድ ሰው ሲሆን፣ ያ ሰው ደግሞ ቤት ባገኘ ቁጥር ሲከፈለው፣ ነሐሴ ላይ ቤት ያልተገኘለት ተማሪ ሲተርፍ ምን እንደሚፈጠር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ላኪ ድርጅቱ ከወላጅ ብዙ ሺህ ዶላር ይሰበስባል፤ ቤተሰቡ ምንም አያገኝም፤ በመካከል ያለው ገንዘብ የት እንደሚሄድ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። የሚያሳዝነው አበሻ ወላጅ ይህን ትክክለኛ ጥያቄ ትቶ ስለ ሻወር ደቂቃ መሳቁ ነው።

«ገንዘብ የሚቀበል ቤተሰብ ለገንዘቡ ነው፣ የማይቀበል ለፍቅር ነው» የሚለውም ክርክር ብዙ አያራምድም። ከፍሎ የሚኖር ተማሪ «ይህን ከፍያለሁ» ማለት ይችላል፤ የማይከፍል ተማሪ ሁልጊዜ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ቅሬታ ሲያቀርብ አፉ ይያዛል። በሌላ በኩል ለገንዘብ ብቻ አራት ተማሪ በአንድ ቤት የሚያጉር አከራይም አለ። ልጁን የሚጠብቀው ከሁለቱ አንዱ አይደለም። የሚጠብቀው፣ ከቤቱ ውጭ ቆሞ «እንዴት ነህ?» የሚል፣ ከባለቤቶቹ ጋር ሰርግ የማይጠራራ ሦስተኛ ሰው መኖሩ ነው። ካናዳ ይህን ገብቷት ብቻውን ለሚመጣ ከ17 ዓመት በታች ተማሪ በሕግ ፊት ኃላፊነት የሚወስድ፣ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሞግዚት በተረጋገጠ ሰነድ እንዲቀርብ ትጠይቃለች።

ብሪታንያ ደግሞ በደም ነው የተማረችው። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የአይቮሪ ኮስት ልጅ ነበረች። ወላጆቿ የሰጧት ለማያውቁት ነጭ አይደለም፤ ለዘመድ ነው። የአባቷ ዘመድ የሆነች፣ አውሮፓ የምትኖር ሴት መጥታ «ላስተምራት» አለቻቸው። የትኛው አፍሪካዊ ወላጅ እምቢ ይላል? ሴትየዋ ልጅቷን በፈረንሳይ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን አስገባቻት። ለንደን ውስጥ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልገባችም። በየካቲት 2000፣ በ8 ዓመቷ፣ ሞተች፤ ሬሳዋ ላይ 128 ጉዳት ተቆጠረ። ሴትየዋና አብሯት ይኖር የነበረው ወንድ በግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በሎርድ ላሚንግ የተመራው አጣሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ሪፖርት ፖሊሱም፣ ሆስፒታሉም፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮውም እያዩ እንዳላዩ ማለፋቸውን አሳየ። ካለፉበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፦ ልጅቷ ከ«ቤተሰቧ» ጋር ናት ተባለ። የባህል ጉዳይ ነው ተባለ።

ከሁሉም የሚገርመው የእንግሊዝ ሕግ «ዘመድ» የሚለውን እንዴት እንደሚተረጉም ነው። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጁ ወይም ከቅርብ ዘመዱ ውጭ ከሆነ ሰው ጋር 28 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ለአካባቢው አስተዳደር ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ያያል። ቅርብ ዘመድ የሚባሉት አያት፣ ወንድም፣ እህት፣ አጎት፣ አክስትና እንጀራ ወላጅ ናቸው። አጎት ማለት ግን በትክክል የአባት ወይም የእናት ወንድም፣ ወይም የአክስት ባል ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቤት ውስጥ «አጎት» የአባት የሠፈር ጓደኛ ነው፣ የእናት የአክስት ልጅ ነው፣ ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝ ሕግ ባዕድ ናቸው፤ ማሳወቅ አለባቸው። «ጋሼ እኮ አጎትህ ነው» ተብሎ ለንደን የተላከ የ14 ዓመት ልጅ ስንት ይሆን ማንም ሳያውቀው የሚኖር? አሳዋቂው ደግሞ ማሳወቅን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል፦ «እኔ ልጁን ልበላው ነው?»

እዚህ ላይ የሚነሳ ፍትሐዊ ተቃውሞ አለ። ፈረንጅ ቤት የገባ ልጅ ብቸኝነት ይገድለዋል፤ ዘመድ ቤት ቢያንስ እንጀራ አለ፣ አማርኛ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚወስደው ሰው አለ። እውነት ነው። መልካም አጎትም ብዙ ነው፤ ስንት ሰው በዘመድ ጫንቃ ተምሮ ሰው ሆኗል! ግን መልካሙ አጎት ወረቀት ቢጻፍ ምን ይጎድልበታል? «ልጁ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሕፃናቱን ይጠብቃል፣ በሌላ ቀን ያጠናል፤ የራሱ ክፍል አለው፤ ለትምህርት ቤቱ ይህን ያህል አባቱ ይልካል» ብሎ አንድ ገጽ ቢፈርም ከፍቅሩ የቱ ይቀንሳል? የሚቀንስበት ያ ሳይቆጠር ሲወስድ የነበረው አጎት ብቻ ነው። ሳይቆጥሩ መስጠት ደግነት ነው፤ ሳይቆጥሩ መውሰድም በዚያው ስም ሲጠራ ኖሯል።

«አሜሪካ እኮ ይገድላሉ» የሚሉም አሉ። ይሞታል፣ አዎ። ዮሺሂሮ ሃቶሪ የተባለ የ16 ዓመት ጃፓናዊ የልውውጥ ተማሪ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1992 በባተን ሩዥ ለግብዣ ሲሄድ የተሳሳተ በር አንኳኩቶ በጥይት ተገደለ። የካራቺዋ ሳቢካ ሼክ በግንቦት 2018 ቴክሳስ በሚገኘው ሳንታ ፌ ትምህርት ቤቷ ውስጥ በተኩስ ከተገደሉት 10 ሰዎች አንዷ ነበረች፤ ወደ አገሯ ለመመለስ ሳምንታት ቀርተዋት ነበር። ሁለቱንም ያልጠበቃቸው አገሩና የጦር መሣሪያ ሕጉ ነው፤ ያስተናገዷቸው ቤቶች አልነበሩም። የሳቢካ አስተናጋጆች ክርስቲያኖች ሆነው ሳለ የመጨረሻውን ረመዳኗን አብረዋት ጾመው ነበር። ደግሞም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አጎት ልጁን የሚልከው እዚያው አገር ትምህርት ቤት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የድሮ ሰው የተሻለ ያወቀ ይመስላል። የቆሎ ተማሪው አገር አቋርጦ ሲማር አንድ ሰው ቤት ገብቶ «እንደ ልጅ» አይኖርም ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይለምናል፤ የሚያድረው ከባልንጀሮቹ ጋር በሠሯት ጎጆ ነው። ርሃብ አለ፣ ውሻ አለ፣ ብርድ አለ። ግን ቁራሹን የሰጠው መንደሩ በሙሉ ነው፤ አንድም ቤት «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» ብሎ እንጨት አያስፈልጠውም። የሚለምነው በማርያም ስም ስለሆነ ባለዕዳነቱም ለማርያም ነው። ተማሪን ከአንድ ቤት ውለታ ነጻ ማድረግ ከፈረንጅ የመጣ ሐሳብ አይደለም ማለት ነው፤ የተረሳ ነው እንጂ።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ልጁን ለመላክ ሰነድ የሚያሰባስብ ወላጅ ከደላላውም ከአጎትየውም ፊት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይቅረብ። ልጁ የሚተኛበት አልጋ ፎቶ የታለ? እራት በስንት ሰዓት ነው፣ የጾም ቀንስ? በሳምንት ስንት ሰዓት ሥራ ያግዛል፣ ምን ዓይነት ሥራ? ከቤቱ ሰዎች ጋር ባይስማማ ማንን ይደውላል፣ ያ ሰውስ ደመወዙን ከማን ነው የሚያገኘው? ቤት መቀየር ቢያስፈልግ ወጪው የማን ነው? ፓስፖርቱ በማን እጅ ይቀመጣል? ደላላው ሊቆጣ ይችላል። አጎትየው ደግሞ ሊያኮርፍ ይችላል፤ እናትየውም «ወንድሜን አስቀየምከው» ብላ ልታለቅስ ትችላለች። ያልቅሱ። ለዚህ ልቅሶ ጊዜው ልጁ ገና ቤቱ እያለ ነው።